በእጅ ጀርባ የሚነካ ማብሪያ

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አምስት ነበር፤ ወሩ ጥር። ጥምቀት አልፏል። ጧት ጧት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፤ ቀን ቀን አቧራው አፍ ያደርቃል። እህቴን የዳርናት ያን ጊዜ ነው።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት በኤሌክትሪክ ምድጃ ወጥ ጥጄ ቁጭ ብዬ ሳለ የጋለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ታውቁታላችሁ፤ መራራ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ተነሣሁና ሳላስበው የእጄን ጀርባ ግድግዳው ላይ ወዳለው ማብሪያ አስጠጋሁ። ሞቋል። አጠፋሁትና እጄን እያየሁ ቆምኩ። ማብሪያን እንዲህ አድርጎ መንካት ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። አባቴና እህቴ ሲያደርጉት እያየሁ የያዝኩት ነው።

ወጡ ሳይበስል ቀረ። እኔም መልሼ ተቀመጥኩ። ከሰሞኑ ቶሎ ይደክመኛል።

አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ እንጨት ሠሪ ነበር። አልጋ ይሠራል፣ ቁም ሣጥን ይሠራል። ወጣት ሳለ ግን የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ አገር ዞሯል፤ ሹፌር ሳይሆን ቀረ እንጂ መኪና ከሆዱ አልወጣም። አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሣር የበቀለባት ትንሽ ክብ መኪና ነበረች፤ ሞተሯ ከኋላ የሆነ። በጨረታ ገዛትና በበሬ አስጎትቶ አመጣት። በሬዎቹ ከፊት፣ አባቴ መሪውን ይዞ ከውስጥ፣ የሰፈር ሰው እየሳቀ ከኋላ።

«ምነው፣ ልታርስባት ነው?» አሉት።

«ልትዘራልኝ ነው» አለ እሱም።

ለሥራ አልነበረችም። ለምን አታከራያትም ሲሉት «ይቺ ለነፍሴ ናት» ይላል። እናቴ ትሰማዋለች። «ነፍስህ ታዲያ ለምን ቤተ ክርስቲያን አትሄድም?» ትለዋለች። እሁድ ሲሆን በዚያችው መኪና ቤተ ክርስቲያን ይወስዳታል፤ እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች፤ ክርክሩ እስከሚቀጥለው ሳምንት ያርፋል።

በዚህ ነገር ጓደኛው እህቴ ነበረች። ታላቄ ናት፤ እትዬ እላታለሁ። ጣቶቿ ቀጫጭንና ረዣዥም ስለነበሩ የአባቴ የእንጨት ሠሪ እጅ የማይገባበት ቦታ ሁሉ ይገቡ ነበር። እኔ መኪናዋን አልወዳትም። ቤንዚን ይሸተኛል፤ ደግሞም ሁለቱን ስለምትወስድብኝ እቀና ነበር መሰለኝ። ጧት ጧት እህቴ ትወጣና ክላክሷን አንዴ፣ አጠር አድርጋ ትነካታለች። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማና «ተመስገን» ብሎ ይነሣል። ቤታችን የሚነጋው እንደዚያ ነበር።

የመኪናዋ በሽታ ማብሪያዋ ላይ ነበር። ጥፋቱ የአባቴ ነው። የረዳትነት ዘመኑን አልረሳም፤ ስለዚህ ለዚያች ለትንሿ መኪና የከባድ መኪና ክላክስ ገጠመላት። የክረምቱን ጉም ይበሳል ብሎ ደግሞ የፊት መብራቶቿን በትልልቅ አምፖል ቀየራቸው። የመሪው ላይ የክላክስ ቁልፍ ቀድሞ ሞቶ ስለነበር የመብራቱም የክላክሱም ማብሪያ ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ሆኑ። ማብሪያዎቹ ለትንሽ ነገር የተሠሩ ናቸው። ያን ሁሉ ጉልበት መሸከም አቃታቸው። ይግላሉ፣ ይሸታሉ፣ ይቀልጣሉ። አንድ ጊዜ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከክሩስኮቱ ስር ጭስ ወጣ፤ ጸበል የያዘችበትን ዕቃ ከፍታ አፈሰሰችበት። ጭሱ ቆመ፤ እሷም እስከ ዛሬ ድረስ ጸበሉ ነው ያዳነን ትላለች። እኔም አልከራከራትም።

ከዚያ ወዲህ ደሴ ድረስ ቢፈለግ እንደዚያ ያለ ማብሪያ ጠፋ። የቀሩት እዚያው ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። አባቴ እንደ ዕንቁላል ይጠነቀቅላቸው ጀመር። መብራት ሲያበራ የእጁን ጀርባ ማብሪያው ላይ ያሳርፋል፤ ሲሞቅ ያጠፋና ዳር ይዞ ይቆማል፤ ሲበርድ ይቀጥላል። ለምን በእጅህ ጀርባ ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ። «መዳፌ መዶሻ ሲይዝ ደንድኗል፤ አይሰማም» አለኝ። ክላክስም ቢሆን አንዴ፣ አጠር አድርጎ ነው። ሰፈርተኛው መኪናዋን «የምታስነጥሰው» ይላት ነበር።

ለሠርጉ ጥቂት ሲቀር ሽማግሌዎች መጡ። ለጋብቻው ቀድሞ ተስማምተዋል፤ ሙሽራው ወግዲ የሚያስተምር መምህር ነው፣ ጭምት ልጅ። ሽማግሌዎቹን ይዘው የመጡት ጎረቤታችን ሼህ ነበሩ። በኛ ሰፈር ክርስቲያኑ ሲዳር ሼሁ፣ እስላሙ ሲዳር ቄሱ ካልገባበት ነገሩ አይሰምርም ይባል ነበር።

«ለአጃቢው ሚኒባስ ተገኝቷል» አሉ ሼሁ። «ለሙሽራዋ የሚሆን ግን ጠፋ። ያችን የምታስነጥሰውን ብትሰጠን ብለን ነው።»

አባቴ ፊቱ ሲበራ አየሁት። በዚያ ሁሉ ሳቅ ውስጥ ሲሠራት የኖረ መኪና፣ ዛሬ ሽማግሌ ተልኮባት። ብድግ አለ። «ታጥባ፣ ተወልውላ ትጠብቃችኋለች። እኔው ራሴ ነኝ የምነዳት!»

ሼሁ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«አይ ወንድሜ» አሉት በለሰለሰ ድምፅ። «አባት መርቆ በሩ ላይ ይቀራል። ልጁን ተከትሎ አማች ቤት ሲገባ ያየነው የለም።»

«ያን ቀን አባት አይደለም፣ ሹፌር ነው በሉልኝ።»

ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። ነገሩ ግን እዚያው ላይ አለቀ። ከሳቁ በኋላ ሲቀመጥ እንጨት የተሸከመ ሰው ይመስል ነበር።

መኪናዋን የሚነዳው አጎቴ ሆነ፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ሳውዲ ጋራዥ ሲሠራ ቆይቶ ተመልሷል። ጎበዝ ነጂ ነው፤ ግን እጁ ክላክስ ላይ ካረፈ አይነሣም። አባቴ አደራ አጠር አድርገህ ቢለው አሻፈረኝ አለ።

«ጋሼ፣ ሙሽራ ይዤ ዝም ብዬ ልሂድ? ለቅሶ ነው እንዴ? መብራቱን በጠራራ ፀሐይ አብርቼ፣ ክላክሱን እያስጮህኩ ነው ወግዲ የምገባው።»

«ማብሪያው ይቀልጣል። ከዚያ መሀል ሜዳ ላይ ልጄን ጭስ ውስጥ ልታቆማት ነው?»

«አብሽር፣ መላ አለው» አለ አጎቴ። ከሻንጣው በጨርቅ የተጠቀለሉ፣ ክብሪት የሚያካክሉ ጥቁር ሳጥኖች አወጣ። «ሪሌ ነው። ጉልበቱ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደዚህ ይመጣል፤ ከዚህ ወደ መብራቱ። ማብሪያዎ በቀጭን ሽቦ 'ክፈት' ብሎ ያዛል፣ በቃ። ሸክሙን ሪሌው ነው የሚሸከመው።»

አባቴ አንዷን አገላብጦ አያት። «እና እኔ ማብሪያውን ስስብ መብራቱን ያበራሁት እኔ አይደለሁም ማለት ነው?»

«አዘዙ እንጂ።»

«እያዘዘ ቁጭ የሚል ማብሪያ!»

እናቴ ከጓዳ ድምፅዋን አሰማች። «ምን ይገርምሃል? በዚህ ቤት የሚያዘውና የሚሸከመው መቼ አንድ ሆኖ ያውቃል?»

አጎቴ እስኪያስለው ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። ክሩስኮቱን ሄዶ አየ፤ ነጯን የማብሪያ እጀታ በጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ ሳይዞር እንዲህ አለ፦ «እኔ ብኖር እጄን አሳርፌ አውቃለሁ። የለሁም። ግጠሙት።»

ገጠመችው ደግሞ እህቴ ናት። አጎቴ ወፍራሙን ሽቦ ከኋላ መቀመጫ ስር ካለው ባትሪ እስከ ፊት ድረስ ዘረጋ፤ ከክሩስኮቱ ስር ያለውን ጥበት ግን የእሷ እጅ ብቻ ነው የሚችለው። ሙሽራ ከቤት በማትወጣበት ሰሞን በጀርባዋ ተኝታ ግማሽ አካሏ መኪና ውስጥ፣ እግሮቿ ውጭ። እናቴ ነጠላ ይዛ ሮጣ እግሮቿን ሸፈነች።

«ኧረ ሰው ምን ይለኛል! ሙሽራዬ ጋራዥ ገባች ልበል?»

«እማዬ፣ አንድ ሽቦ ነው የቀረኝ።»

አባቴ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጧል። የሚነጋገሩት ይሰማኛል።

«አጥብቂው።»

«ጠብቋል አባባ።»

«ደግመሽ አጥብቂው። የወግዲ መንገድ ይነቀንቃል።»

«ከዚህ በላይ ካጠበቅሁት ይበጠሳል።»

«እሺ፣ ተይው» አላት።

ደግሞ እናቴ ባትሪው የት እንዳለ ያን ቀን ነው የሰማችው። ሙሽራዋ ባትሪው ላይ ልትቀመጥ ነው ማለት ነው። «ልጄን እሳት ላይ?» ብላ ጮኸች። አባቴ አሮጌ ካላማዳሪያ አምጥቶ ጎማውን በመቀስ ቀዶ ባትሪውን አለበሰው፤ በላዩ ላይ ራሱ እየተቀመጠ፣ እየተነሣ አሳያት። እሷም አማትባበት ሄደች።

ሲያልቅ እህቴ ማብሪያዋን ሳበች። ከክሩስኮቱ ስር «ጠቅ» አለ፤ መብራቶቹ የአጥሩን እንጨት በቀን አበሩት። አባቴ የእጁን ጀርባ አሳረፈ። ጠበቀ። በጣም ቆየ። ይሞቃል ብሎ የሚጠብቀው ነገር አልሞቅ ሲለው ደስ ያለውም አይመስልም ነበር።

«አንተንም እኮ አሳረፈህ» አለችው እህቴ።

«አሳረፈኝ» አለ።

እንሶስላ ስትሞቅ ከጥፍሯ ስር የገባው ግራሶ አልወጣ ብሎ የሰፈር ሴቶች ሲስቁባት ነበር። ደጋግመው አሠሩላት። ሌላ ሙሽራ ለውበት፣ እሷ ደግሞ ግራሶ ለመደበቅ።

የሠርጉ ቀን ብዙው ነገር ጠፍቶብኛል። ጠጅ ጠጅ የሚል አየር፣ የከበሮ ድምፅ፣ ሬባን የታሰረባትን መኪና ሲያበራት የነበረ ፀሐይ። ጉልበት ተሳመ፣ ምርቃቱ አለቀ። እህቴ የኋላው መቀመጫ ላይ ገባች። አባቴ እሷን ማየት አልቻለም፤ በአጎቴ በኩል ባለው መስኮት አንገቱን አስግጎ ክሩስኮቱን ያያል። ቁልቁለቱ ላይ ቀስ፣ ድልድዩ ጋ ቀስ ይላል። አጎቴ «አብሽር ጋሼ፣ አብሽር» ይለዋል።

«አባባ፣ እጅህን» አለች እህቴ።

በመስኮቱ አሳልፎ ሰጣት። ገለበጠችውና የእጁን ጀርባ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ዐይነ ርግቧ ስር እንባዋ ይወርዳል።

«ሞቀ?» አለችው።

እጁን ሲመልስ እንደተገለበጠ ይዞት ነበር፤ የሆነ ነገር እንዳይፈስበት የሚጠነቀቅ ይመስል።

ሄዱ። አጎቴ እንዳለውም ክላክሱን አላቆመም። ሸኚው ሲበተን አባቴ በሩ ላይ ቀረ፤ እኔም አጠገቡ። መኪናዋ ከከተማው ወጥታ አትታይም፤ ድምፅዋ ግን አለ። የእኛ አገር ሜዳና ገደል ድምፅ ይቀባበላል። ስትርቅ ይቀጥናል፣ ጋራውን ስትዞር ይጠፋል፣ አባቴ ትንፋሹን ይይዛል፣ ደግሞ ከማዶ ብቅ ይላል።

«አለ» ይለኛል።

«አለ» እለዋለሁ።

ክላክሱ እስከጮኸ ድረስ ማብሪያው አልተቃጠለም። እህቴም በሰላም እየሄደች ነው። ሌላ ማወቂያ አልነበረንም፤ ስልክ በየእጁ የያዘ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጠፋና ቀረ። ቆምን። ነፋስ ብቻ ነው።

«ራቀ ነው ወይስ ተቃጠለ?» አለኝ። እኔን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቃት ሄዳለች።

እናቴ ከኋላችን መጣች። «ራቀ ነው» አለች፤ የምታውቅ ይመስል። «ና ግባ። ለእመቤቴ ሰጥቻታለሁ።»

ገባ። እህል አልቀመሰም። ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

አሁን ያደከመኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር የመጀመሪያ ልጄን መናኸሪያ ወስጄ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅዳ። ሃያ ዓመት አልሞላሽም ብዬ ለመንኳት፤ አልሰማችኝም። በመስኮቱ ሳያት ሻንጣዋን አቅፋለች። ውሃ ጠጪ፣ ከሰው ተጠጊ፣ ጸሎትሽን አትተዪ አልኳት። ሌላ የምለው አጣሁ። አባቴ ስለ ድልድዩና ስለ ቁልቁለቱ ያወራ የነበረው ለምን እንደሆነ እዚያ ቆሜ ገባኝ። አውቶቡሱ ሲዞር ጥሩምባውን ነፋ። አቧራው እስኪያርፍ ቆምኩ። ጧት ጧት እነሣና የእመቤቴ ሥዕል ፊት ቆሜ አንዲት ቃል፣ «አደራሽን» እላለሁ። ከዚያ በላይ ጉልበት የለኝም። ሸክሙን ሌላ ይሸከመዋል። ደርሳለች፣ ደውላለች፣ ተመስገን። ድካሙ ግን አልወጣልኝም።

ያን ጊዜ፣ በእህቴ ሠርግ ማግስት፣ አባቴ አልተነሣም። ያን ያህል ሰዓት ተኝቶ አይቼው አላውቅም። የነቃ መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

«ተዪው፣ ደክሞት ነው» አለችኝ እናቴ። የሠርጉን ድስቶች በዐመድ እየፈተገች ነበር።

ውርጩ ሲሟሟ መኪናዋ ግቢ ገባች። አጎቴ ድምፁ ተዘግቷል፤ ሲጨፍር አድሮ በጧት ነው የተነሣው። ከበሩ ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ ተናገረ።

«ጋሼ! በሰላም ገብታለች። እልልታው ሌላ ነው። እጄ እስኪዝል ነው ክላክስ ያደረግሁት፣ ወላሂ።»

እናቴ «ወላሂህን ተወን» አለችውና እዚያው ዐመዱ ላይ እልል አለች፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

ከአልጋው አንድ ቃል ብቻ መጣ። «ማብሪያውስ?»

«ራስዎ ወጥተው አይዩትም?»

አልወጣም። አጎቴ ትከሻውን ነቅንቆ ጠላ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ።

እኔ ወጣሁ። ሬባኑ በአቧራ ቡናማ ሆኗል። አጎቴ የፊት መብራቶቹን ሳያጠፋ ነው የወረደው፤ ከወግዲ ጀምሮ በቀን ብርሃን በርተው መጥተዋል። በሩን ከፍቼ በመሪው በኩል ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት እዚያ ተቀምጬ አላውቅም። ቤንዚኑ ይሸታል፣ የእህቴ ሽቶም ከኋላ ይሸታል። ጎንበስ ብዬ ከክሩስኮቱ ስር አየሁ፤ ሽቦዎቹ እሷ እንዳሰረቻቸው ናቸው። አልላሉም። አንደኛው ላይ የጠቀለለችበት ነጭ ፕላስተር ላይ የጥቁር ግራሶ የጣት አሻራ አለ፤ ቀጭንና ረዥም።

የእጄን ጀርባ ማብሪያው ላይ አሳረፍኩ። እንደ አባቴ ጠበቅሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ጧት ከምንጭ እንደቀዱት ውሃ ቀዝቃዛ።

ገፋ አድርጌ መብራቱን አጠፋሁ፤ ስሩ «ጠቅ» አለ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ክላክስ አንዴ፣ አጠር አድርጌ ነካሁት።

እናቴ ድስት መፈተጓን አቆመች። እኔም እጄን እዚያው እንዳደረግሁ ወደ ቤቱ በር አየሁ። የአልጋው እንጨት ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ከዚያ ሳሉን፤ ከዚያ እየተጎተተ የሚመጣ ጫማ። አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፀሐዩ መስተዋቱን ስለመታው መሪው ላይ ያለሁት ማን እንደሆንኩ ቶሎ አልለየኝም መሰለኝ፤ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አየ። ሲለየኝም ፊቱ አልጠቆረም።

«ሞቋል?» አለኝ።

«ቀዝቃዛ ነው አባባ።»

«ተመስገን» አለ። ቀስ ብሎ ደረጃውን ወረደ፤ እኔም ወደ ጎን ጠጋ ብዬ ቦታውን ለቀቅሁለት።